ባሕር በመስተዋት ሣጥን

አንባቢዎቼ ሆይ፤ እያንዳንዱ ሰው ከደመወዙ ላይ ቆርጦ የሚቀልባት አንዲት ትንሽ እብደት አለችው። አንዱ ቴምብር ይሰበስባል፤ ሌላው ርግብ ያረባል፤ ሦስተኛው የማይጠገን ሬዲዮ ሲፈታና ሲገጥም እሑዱን ይጨርሳል። የእኔ እብደት ባሕር ናት። የምኖረው በአሜሪካ አገር በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በምትባል ከተማ፣ በአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በሳሎኔ ጥግ 75 ሊትር የሚይዝ የመስተዋት ገንዳ ተቀምጧል፤ በውስጡም ጨዋማ ውሃ፣ ድንጋይ፣ ጥቂት ዓሦችና በሕይወት ያለ ኮራል ይገኛሉ። ኮራል ለጌጥ የምናውቀው መርጃን ዘመድ ሲሆን፣ ድንጋይ ወይም ተክል ይምሰል እንጂ እጅግ ትናንሽ የሆኑ እንስሳት ማኅበር ነው።

ይህ እብደት ከየት መጣብህ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ ከአባቴ ነው እላችኋለሁ። አባቴ በወጣትነታቸው ከ1954 እስከ 1960 ዓ.ም. ድረስ በምጽዋ በባሕር ኃይል አገልግለዋል። እኛ ልጆቻቸው የባሕርን ወሬ ከእራት ጋር እየበላን ነው ያደግነው። በዳህላክ ደሴቶች አጠገብ መርከባቸው ስትቆም፣ ከጥልቁ ውሃ በታች የአበባ ማሳ የመሰለ ነገር ይታያቸው እንደ ነበረ ይነግሩን ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነጻ መንግሥት ከሆነች ወዲህ ምጽዋን አላዩዋትም።

ከሦስት ዓመት በፊት እኅቴ ከአዲስ አበባ ስልክ ደውላ የአባታችን ዓይን እየደከመ መሄዱን ነገረችኝ። ሐኪሞቹ የጠፋውን ብርሃን መመለስ እንደማይቻል፣ የቀረውን ግን ለጊዜው ማቆየት እንደሚቻል ገልጸውላቸዋል። እርሳቸውም የልጅ ልጃቸውን ለማየት ከስድስት ወር በኋላ ወደ እኔ ሊመጡ ወስነዋል። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሲነጋ አንድ ሐሳብ ያዝሁ፤ ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጨልም ያን የባሕር አበባ በቤቴ ላሳያቸው።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በአንድ ቅዳሜ ገንዳውን፣ ጨውን፣ ድንጋዩንና አራት ዓሦችን ገዛሁ። ከአራቱ አንዱ ታንግ የሚባል ዓሣ ነበረ፤ ይህ ዓሣ ቀኑን ሙሉ ርቆ ሲዋኝ የሚውል ስለሆነ ለ75 ሊትር ገንዳ ፈጽሞ አይሆንም። ሻጩ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም። በአሥረኛው ቀን አራቱም ዓሦች ሞቱ። የስምንት ዓመት ልጄ ከገንዳው ፊት ቆማ፣ «ውሃው እኮ ንጹሕ ነው፤ ለምን ሞቱ?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ያገኘሁት በኋላ ነው። ንጹሕ የሚመስል ውሃ ሁሉ ንጹሕ አይደለም። ከዓሣ ኩስና ከምግብ ትርፍ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል። በባሕር ውስጥና በበሰለ ገንዳ ውስጥ ግን በድንጋይና በአሸዋ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ናይትራይት ወደሚባል ነገር ይለውጡታል፤ ይህም መርዝ ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ደግሞ ናይትራይቱን ጉዳቱ እጅግ ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል። እነዚህ የማይታዩ ሠራተኞች በአንድ ቀን አይቀጠሩም፤ እስኪራቡና ሥራውን እስኪለምዱ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃሉ። እኔ ግን ጽዳት ሠራተኛ በሌለበት ቤት እንግዳ ጠርቼ ኖሯል።

ትዕግሥት ለዚህ ሥራ ከጥንት ጀምሮ የታዘዘ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1846 አና ታይን የተባለች እንግሊዛዊት እመቤት ኮራል ከባሕር ዳር ወደ ለንደን አምጥታ በቤቷ አኖረች። የአየር መንፊያ ሞተር ባልነበረበት በዚያ ዘመን፣ አገልጋይዋ በክፍት መስኮት አጠገብ ውሃውን ከዕቃ ወደ ዕቃ እየገለበጠች አየር ታስገባለት ነበር። እኔ ኤሌክትሪክ ያለኝ ሰው ስድስት ሳምንት መጠበቅ አቃተኝ ማለት ያሳፍራል።

ስለዚህ እንደ ገና ጀመርሁ። ድንጋዩን በጨው ውሃ ውስጥ አድርጌ፣ አንድም ዓሣ ሳላስገባ፣ ጥቂት ምግብ ብቻ እየጣልሁ ጠበቅሁ። በየሁለት ቀኑ ውሃውን እየመረመርሁ በደብተር ላይ ጻፍሁ። አሞኒያው ወጣና ወረደ፤ ናይትራይቱም ተከተለው፤ በስድስተኛው ሳምንት ሁለቱም ዜሮ ሆኑ። ልጄ ባዶውን ገንዳ እያየች «አባዬ፣ ምን እያረባህ ነው?» ስትለኝ «ትዕግሥት» አልኋት። እርስዋም እንደ መሳቅ አለች።

ከዚያም ቀንድ አውጣዎችንና ትናንሽ ሸርጣኖችን፣ ቀጥሎም አንድ ለስላሳ ኮራል አስገባሁ። ሁሉም ደኅና ሆኖ ሰነበተ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ኮራሉ እንደ ተቀየመ ሰው ተሸበሸበ፤ ቀንድ አውጣዎቹም እየወደቁ መሞት ጀመሩ። አሞኒያ ዜሮ፤ ናይትራይት ዜሮ፤ ሙቀቱ 25 ዲግሪ። ጭንቅ ያዘኝ። አባቴ ሊመጡ ሦስት ወር ብቻ ቀርቷል።

በዚያው ማታ ከአባቴ ጋር በስልክ ስንጨዋወት፣ ላስደንቃቸው የደበቅሁትን ነገር ሳልወድ አወጣሁት።

«ውሃው ይጎድላል ወይ?» አሉኝ።

«አዎን አባባ፤ በየቀኑ አንድ ሊትር ያህል ይጎድላል።»

«በምን ትተካዋለህ?»

«በጨው ውሃ ነዋ! የባሕር ገንዳ አይደለም እንዴ?»

አባቴ ለረጅም ጊዜ ሳቁ። «ልጄ፣ የምጽዋን የጨው ማሳ ነግሬህ አልነበረም? የባሕሩን ውሃ በሰፊ ገንዳ ያቆሙታል፤ ፀሐይ ውሃውን ወስዳ ጨውን ትተዋለች። ፀሐይ ጨው አትጠጣም! አንተ ቤትህ ውስጥ የጨው ማሳ ከፍተሃል» አሉኝ።

ስልኩን ዘግቼ በእርሳስ አሰብሁት። ድንጋዩ ከያዘው ቦታ ሌላ በገንዳው ያለው ውሃ 65 ሊትር ያህል ነው። በአንድ ሊትር የባሕር ውሃ 35 ግራም ጨው አለ። በየቀኑ 35 ግራም ስጨምር፣ በሁለት ሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ጨው አስገብቻለሁ ማለት ነው። መለኪያውን አምጥቼ ባየው 42 አነበበ! ይህን መለኪያ ከመጀመሪያው ቀን ወዲህ አልነካሁትም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የቀይ ባሕር ውሃ በሰሜን በኩል 40 ግራም ያህል ጨው አለው፤ ኮራልና ዓሣም ሞልተውበታል። እንግዲያው የእኔን ቀንድ አውጣዎች የገደላቸው የጨው ብዛት ብቻ ሳይሆን የለውጡ ፍጥነት ነው። ፍጡር ከለመደው ነገር ጋር ይኖራል፤ የሚያጠፋው ዛሬ ወዲህ ነገ ወዲያ መባሉ ነው። ስለዚህ ሳስተካክለውም አልቸኮልሁም። በየቀኑ ጥቂት የገንዳ ውሃ እያወጣሁ በጣፋጭ ውሃ እየተካሁ፣ በስምንት ቀን ወደ 35 መለስሁት። በዘጠነኛው ቀን ኮራሉ ተከፈተ።

ከመካከላችሁ ይህን ሥራ ለመሞከር የሚያስብ ቢኖር፣ ከስሕተቴ ያተረፍሁት ይህ ነው። የጎደለውን ውሃ በየቀኑ ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ሙሉ፤ የቧንቧ ውሃ ክሎሪንና ሌላም ነገር አለበትና እንዲሁ አይሁን። በየሳምንቱ ከውሃው አንድ ዐሥረኛውን አውጥታችሁ በአዲስ የጨው ውሃ ለውጡ። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ፣ ፒኤች የሚባለው የአሲድ መለኪያ ከ8.0 እስከ 8.4 ይሁን። ኮራል አጥንቱን የሚሠራው ከውሃው በሚወስደው ካልሲየምና ካርቦኔት ስለሆነ፣ ካልሲየሙ በሊትር ከ400 እስከ 450 ሚሊግራም፣ አልካሊኒቲ የሚባለውም አሲድን የመቋቋም አቅም በጀርመን ዲግሪ ከ8 እስከ 11 ቢሆን መልካም ነው። ጥቂት ለስላሳ ኮራል ላለበት ትንሽ ገንዳ ግን የሳምንቱ የውሃ ለውጥ ብቻውን ይበቃል። ያልለካችሁትን ነገር ከጠርሙስ አትጨምሩ።

ትንሽ ገንዳ ከትልቅ ይቀላል የሚል ቢኖር አትመኑት። ትንሽ ገንዳ እንደ ጀማሪ ጸሐፊ ደመወዝ ነው። ባለጸጋው መቶ ብር ቢጠፋበት ወሩ አይናጋም፤ ጸሐፊው ግን አሥር ብር ስትጎድልበት ከሃያ አምስተኛው ቀን ጀምሮ ይቸገራል። አንድ የሞተ ዓሣ በትልቅ ገንዳ ውስጥ ሳይታወቅ ያልፋል፤ በ75 ሊትር ውስጥ ግን አደጋ ነው። ትንሽ ያለው ሰው በየቀኑ መቁጠር አለበት።

ዓሣም ስትመርጡ ቁጥሩን በጥቂት ወስኑ። እኔ ሁለት ክላውንፊሽ የሚባሉትን፣ ብርቱካንማ ሆነው ነጭ መቀነት የታጠቁትን ገዛሁ። እነዚህ ዓሦች ሁሉም ወንድ ሆነው ያድጋሉ፤ ከጥንዶቹ ትልቁ ኋላ ሴት ይሆናል። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ጎቢ የሚባል ትንሽ ዓሣና ተኳሽ ሽሪምፕ የሚሉትን ጓደኛውን አመጣሁ። የእነዚህ የሁለቱ ኑሮ አስደናቂ ነው። ሽሪምፑ ዓይኑ ደካማ ነው፤ ጉልበት ግን አለውና ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ይቆፍራል። ጎቢው ጥሩ ዓይን አለው፤ መቆፈር ግን አይችልም። ስለዚህ በአንድ ቤት ይኖራሉ። ሽሪምፑ ሲወጣ ረጅሙን የራሱን ጢም በጎቢው ገላ ላይ ያሳርፋል፤ ጎቢው አደጋ ባየ ጊዜ ጭራውን ያርገፈግፋል፤ ሁለቱም ወደ ጉድጓዳቸው ይገባሉ።

አባቴ በጥቅምት መጡ። አውሮፕላን ማረፊያ ስቀበላቸው ዓይናቸው ከጠበቅሁት በላይ ደክሞ አገኘሁት። ልጄ እጃቸውን ይዛ ከገንዳው ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው። ፊታቸውን ወደ መስተዋቱ አስጠግተው ብዙ ቆዩ። «አንድ ቀይ ነገር ሲንቀሳቀስ አያለሁ» አሉ። ከዚህ ሌላ አልታያቸውም። ስድስት ወር የደከምሁበት ኮራል በፊታቸው ተከፍቶ ነበር። እኔም ዘግይቻለሁ ብዬ፣ እንባዬን እንዳታይብኝ ከልጄ ዞር አልሁ።

በዚያን ጊዜ ከድንጋዩ ሥር «ጣ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ሽሪምፑ ነው፤ አንዱን ጥፍሩን በኃይል ሲገጥም እንደ ጣት ማጮህ ያለ ድምፅ ያሰማል። አባቴ ቀና አሉ። እንደ ገና «ጣ!» አለ።

«ይኼን አውቀዋለሁ!» አሉ። «ሌሊት መልሕቅ ጥለን ስንተኛ፣ ከመርከቡ ሆድ በታች እንደ ጭራሮ እሳት ሲንጣጣ ያድር ነበር። ስድስት ዓመት ከእርሱ ጋር ተኝቻለሁ። ምን እንደሆነ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም።»

ልጄም የሽሪምፑንና የጎቢውን ነገር አንድ በአንድ ተረከችላቸው። በጸጥታ ካዳመጧት በኋላ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው፣ «እንግዲህ አንቺ ጎቢው ነሽ፤ ወደ እራት ምሪኝ» አሏት።

አባቴ ከእኛ ጋር ሁለት ወር ተቀመጡ። ማታ ማታ መብራቱ ከጠፋ በኋላ ወንበራቸውን ከገንዳው አጠገብ አስቀምጠው ያዳምጡ ነበር።

አንባቢዎቼ ሆይ፤ እኔ ለዓይን ያዘጋጀሁት ነገር ለጆሮ ሆነ። የሰው ዕቅድ እንዲህ ነው። ይሁን እንጂ ያን ቀን ውሃው ባይረጋ ኖሮ ሽሪምፑም በሕይወት ባልቆየ፣ አባቴም ያን ድምፅ ባልሰሙ ነበር። ስለዚህ ዛሬም ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት አንድ ሊትር ጣፋጭ ውሃ እጨምራለሁ፤ መለኪያውን አያለሁ፤ 35 ብዬ በደብተሬ እጽፋለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ያሉት አባቶቻችን ባሕርን በቤት ስለ ማኖር አስበው ባይሆንም፣ ምክሩ ለዚህም ይሠራል።