የብብት እባጭና የሐኪም ምላጭ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ዳሩ ግን በሽታው ብብት ወይም ብሽሽት ሲይዝ ተረቱን እያወቅን እንደብቀዋለን። አንባቢ ሆይ፤ መልሱን እያወቀ እጁን የማያነሣ ተማሪ፣ ወይም ከላይኛው መደርደሪያ ፋይል አውርድ ሲባል የሚያመነታ ጸሐፊ ያየህ እንደ ሆነ፣ ሰነፍ ነው ብለህ አትፍረድበት። እኔም ከእነዚህ አንዱ ነበርሁ።

በሽታው ሂድራዴናይቲስ ሱፑራቲቫ ይባላል። ፈረንሳዊው ሐኪም ቬልፖ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1839 ጽፎበታል፤ የአገሩ ሰው ቬርነይ ደግሞ በ1854 ከላብ ዕጢ የሚመጣ መስሎት ነበር። ዛሬ የሚታወቀው ግን ከጠጉር ሥር መደፈን የሚጀምር መሆኑ ነው። የተደፈነው ያብጣል፣ ይመግላል፣ ይፈነዳል፤ እየቆየም ከቆዳ በታች እንደ ፍልፈል ጉድጓድ እርስ በርሱ የሚገናኝ መተላለፊያ ያበጃል። ከንጽሕና ጉድለት አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ትምባሆና ውፍረት ግን ያባብሱታል።

እኔን ሦስት ጊዜ በጥተውኛል። ሲበጣ መግሉ ይፈሳል፣ ሕመሙም ያን ሌሊት ይቀላል፤ ነገር ግን ጉድጓዱ ከነግድግዳው ስለሚቀር ተመልሶ ያብጣል። ስለዚህ ሐኪም ሌላ ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው የመተላለፊያውን ጣራ ቆርጦ በማንሣት ከሥር እንዲሽር መተው ነው። ሁለተኛው የታመመውን ቆዳ በሰፊው ቆርጦ ማውጣት ነው። ከዚያም ከጭን ቆዳ ተልጦ ይለጠፍበታል፣ ወይም ቁስሉ ሳይዘጋ ተትቶ፣ ፋሻው እየተለወጠ ቀስ በቀስ ይሞላል። የእኔ እንዲህ ያለው ነበረ፤ ሳምንታትም ፈጀ።

ምላጭ የራሱ ጣጣ አለው፤ መድማት፣ የቁስል መመርቀዝ፣ የተለጠፈው ቆዳ አለመያዝ፣ በሽታው በጠባሳው ጠርዝ እንደገና መነሣት። ከሁሉ የሚከፋው ግን ጠባሳው ሲደርቅ ተኮማትሮ ክንድን ማሰሩ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ከፈቀደበት ቀን ጀምሮ፣ ቢያምህም፣ ክንድህን በየቀኑ ወደ ላይ ማለማመድ አለብህ። እኔ ግድግዳ ላይ በጣቶቼ እየተንፏቀቅሁ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ከፍ እል ነበር።

ከ2015 ወዲህ በአውሮፓና በአሜሪካ ለዚሁ በሽታ የተፈቀደ አዳሊሙማብ የሚባል መርፌ አለ፤ እብጠቱን ያበርዳል፣ የቆየውን ጉድጓድ ግን አይደፍንም። ለብዙ ዓመታት የተተወ ቁስል፣ በተለይ በመቀመጫ አካባቢ ያለው፣ አልፎ አልፎ ወደ ነቀርሳ ይለወጣል።

እንግዲህ ብጉንጅ በአንድ ሥፍራ የሚመላለስብህ ከሆነ፣ ለመበጣት ብቻ አትሂድ። የቆዳ ሐኪም ፈልግና «ይህ ብጉንጅ ብቻ ነውን?» ብለህ ጠይቀው።