«ይህ ሰው አይነፋም፣ ያናፋል» ያልኩበት ሸክላ

ልጄ ከቤት ሲወጣ ሦስት ካርቶን ሙሉ ሸክላ ጋራዥ ውስጥ ትቶ ሄደ። እዚህ ፖይንት ኩክ የኛ ሰው ጋራዥ መኪና የሚያድርበት እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል፤ የድግስ ድስትና ከአገር ቤት የመጣ በርበሬ የሚቀመጥበት ነው። ሸክላዎቹም ከበርበሬው ጎን አንድ ዓመት ተቀመጡ። ማንም አልነካቸውም፤ በእኔና በልጄ መካከል ቅሬታ የገባው በእነሱ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሳክስፎን ይማር በነበረበት ጊዜ አንድ ምሽት «አባዬ፣ ና ስማ» ብሎ አልበርት አይለር የሚባለውን ጥቁር አሜሪካዊ አሰማኝ። ሁለት ደቂቃ ያህል ታግሼ «ይህ ሰው አይነፋም፣ ያናፋል!» አልኩ። እኔ ቀልዴን ነበር። እሱ ሸክላውን አንሥቶ ከማቀፊያው ከተተና ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ ባለሁበት ሙዚቃ አልከፈተም።

ባለፈው ክረምት (የዚህን አገር ክረምት ማለቴ ነው፣ ሰኔና ሐምሌን) ከሥራ ስመለስ ዌስት ጌት ድልድይ ላይ መኪናው ሁሉ ቆመ። የጌታቸው መኩሪያን ሽለላ ከፍቼ ነበር። ይህን ሙዚቃ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬአለሁ፤ የዚያን ዕለት ግን ጆሮዬ ሌላ ነገር ያዘ። ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ያጓራል፣ ምቱን ጥሎ ይሮጣል። ለካስ «ያናፋል» ያልኩት ነገር እቤቴ የኖረ ነገር ነው!

ጋሽ ጌታቸው በ1935 (ዓመታቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ቁጠሩልኝ) ይፋት ተወልዶ፣ በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገለ ሰው ነው። ሥራው በአጭሩ ይህ ነበር፦ ዘማች የሚሸልለውን፣ የሚፎክረውን፣ በድምፅ የሚባለውን ሁሉ ወደ ሳክስፎን አዞረው። አይለር የተወለደው በ1936 ክሊቭላንድ ውስጥ ነው፤ በአንድ ዓመት ይበላለጣሉ። ጌታቸው ሽለላውን በሳክስፎን ሲጀምር አይለር ገና አንድ ሸክላ አላሳተመም ነበር። እኛ ሽለላ እያልን ያጨበጨብንለትን ፈረንጆቹ በኋላ ሲሰሙት ከአይለር ጋር አመሳሰሉት፤ ዘ ኤክስ የሚባሉ የሆላንድ የሮክ ሙዚቀኞችም በ2006 «ሞዓ አንበሳ»ን አብረውት አወጡ። ጊታሩ እንደ ብረት ቤት ይጮሃል፤ ዜማውን ግን የምናውቀው ስለሆነ አንጠፋም። ጌታቸው በ2016 አረፈ።

እንግዲህ እኔ በዚህ በር ገባሁ። በዚያው ሳምንት ካርቶኑን ከፍቼ አይለርን በ1964 የተቀዳችውን «ስፒሪቹዋል ዩኒቲ»ን አወጣሁ። ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ሁለቱም ገጽ ተደምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። መነሻው ዜማ ልጅ የሚያንጎራጉረው ዓይነት ቀላል ነው፤ እሱን በጆሮ ከያዙ በኋላ ሰውየው ሲያብድ አብሮ መከተል ይቻላል። ፎካሪም እኮ መጀመሪያ ስሙን ተናግሮ ነው የሚንጎራደደው።

ከዚያ ጆን ኮልትሬን። እዚህ ላይ ምክር አለኝ፦ «አሴንሽን» በሚባለው የ1965 ቅጂ አትጀምሩ። አሥራ አንድ ሰው አርባ ደቂቃ ያህል ይነፋል፣ ይደልቃል፤ ዋና ሳይማሩ ዓባይ መግባት ነው። «ኤ ላቭ ሱፕሪም» ግን ሌላ ነው። አራት ክፍል አላት፤ በመጨረሻው ክፍል ኮልትሬን ራሱ የጻፈውን ጸሎት በአፉ ሳይሆን በሳክስፎኑ ቃል በቃል ያነበዋል። ጸሎቱ ማቀፊያው ላይ ታትሟል፤ እያነበቡ መስማት ነው። ሽለላን በሳክስፎን ለሰማ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም። ባለቤቴ ከጓዳ መጥታ «ይህ ደግሞ ምን እያለ ነው?» አለች፤ ምን እንደሚል ነው እንጂ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

የዚህን አገር ሰዎችም አልዘለልኩም። ዋሽንግተን ውስጥ ለብዙ ዓመት ታክሲ የነዳው የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ2018 «ላላ በሉ»ን ሲያወጣ ከበሮ የመታለት አውስትራሊያዊው ቶኒ በክ ነው። ይኸው ቶኒ ዘ ኔክስ ከሚባሉት ከሲድኒዎቹ ሦስት ሰዎች አንዱ ነው። እነሱ አንድ ዜማ አንድ ሰዓት ያህል ይጫወታሉ፤ ምንም የሚለወጥ ነገር ያለ አይመስልም፣ ዘወር ሲሉ ሁሉም ተለውጧል። ማሕሌት ቆሞ ያደረ ሰው ይህን ትዕግሥት ያውቀዋል። በዝግታ የተጀመረው ዜማ ከበሮው እየፈጠነ የት እንደሚያደርስ ማን ይነግረዋል? እኔ ግን እውነቱን ልናገር፣ ሃያኛው ደቂቃ ላይ እንቅልፍ ወሰደኝ።

ባለፈው ሐሙስ ልጄ ጋ ደወልኩ። ስለ አህያው ነገር ይቅርታ ልጠይቅ አስቤ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣው ግን «ያን አይለር የተባለውን ሰማሁት» የሚል ብቻ ሆነ። ዝም አለ። ከዚያ «ጎስትስን? የትኛውን? የመጀመሪያውን ነው ሁለተኛውን?» አለኝ።

ሁለት መሆናቸውን አላወቅኩም ነበር። ለካስ ሸክላውን አልገለበጥኩትም።

እሑድ እመጣለሁ ብሏል። በርበሬውን ወደ ጓዳ አዛውሬዋለሁ።