በፎቶግራፉ ጫፍ የቆመው ልጅ



በየካቲቱ የዕረፍት ጊዜ ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሆነን «የትምህርት ቤት ጓደኞች» የተባለውን የኢጣልያ ፊልም አየን። ፊልሙን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1988 ዓመት ያዘጋጀው፥ ራሱም ከተዋናዮቹ አንዱ የሆነው ካርሎ ቬርዶኔ ነው። በአንድ ክፍል የተማሩ ሰዎች ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሱ ከ15 ዓመት በኋላ በአንድ ትልቅ ቪላ ለግብዣ ይሰበሰባሉ። አንዱ መምህር፥ አንዱ የመንግሥት ባለሥልጣን፥ አንዱም ዕዳ ያስጨነቀው ዘፋኝ ሆኗል። መጀመሪያ ይተቃቀፋሉ፤ ጥቂት ቈይቶ ግን የድሮው ፌዝና ቂም ያገረሻል።

ከመካከላቸው ፋብሪስ የሚባለው በደስታ ይመጣል፤ ነገር ግን ራሱ ተመልጦ መልኩም ተለውጦ ስለ ነበር የሚያውቀው ጠፋ። የድሮውን የክፍል ፎቶግራፍ አምጥተው እንደዚያን ጊዜው ሁን እያሉ ያስቆሙታል። እርሱም አዝኖ ግብዣውን ትቶ ይሄዳል።

ፊልሙ የሚያስቅ ነውና እኔም እስከዚህ ድረስ ከልቤ ስስቅ ነበር። ፋብሪስ ሲሄድ ግን ሳቄ ጠፋ። ባለፈው መስከረም ታክሲ ስሳፈር ረዳቱ በስሜ ጠርቶ ስለ ትምህርቴ ጠየቀኝ፤ ሒሳብም አልቀበልህም አለኝ። እኔ ግን ማን እንደ ሆነ ስላላወቅሁ «ደኅና ነኝ ወንድሜ» ብዬ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርሁ።

ፊልሙን ባየሁበት ማታ የ9ኛ ክፍል ፎቶግራፋችንን አውጥቼ ብመለከት፥ ያው ረዳት በስተግራ ጫፍ ቆሞ አገኘሁት። ከኋላዬ ተቀምጦ ብዙ ቀን እርሳስ ያዋሰኝ ልጅ ነበር። ሦስት ጓደኞቼን ብጠይቅ «ያ ዝምተኛው» ከማለት በቀር ስሙን የሚያውቅ አልተገኘም። በ10ኛ ክፍል ትምህርቱን ሲያቋርጥም ለምን ብሎ የጠየቀው አልነበረም።

በማግሥቱ ወደ ታክሲው መቆሚያ ሄጄ ጠበቅሁት። «ይቅርታ አድርግልኝ፥ ስምህን ረስቼዋለሁ» አልሁት። ጥቂት ዝም ብሎ «ያን ቀንም ገብቶኝ ነበር» አለኝና ስሙን ነገረኝ። በዚህ ጊዜ ግን ሒሳቤን ተቀበለ፤ መልሱንም ሳያጎድል ሰጠኝ።

ጓደኞቼ ሆይ! እነሆ 12ኛ ክፍልን ጨርሰን ልንለያይ ነው። የክፍላችንን ፎቶግራፍ በተነሣን ጊዜ በጀርባው የሁላችንንም ስም ከጫፍ እስከ ጫፍ እንጻፍ። ከ15 ዓመት በኋላ ስንገናኝ፥ ስሙን የሚያስታውስለት ያጣ ሰው በመካከላችን አይኑር።