ከተሳላሚው በፊት የሚደርስ ውሃ

ያገራችን ቅዱሳን ቦታዎች እንግዳን በዋዛ አያስገቡም። ደብረ ዳሞ ወንዱን በገመድ ያስወጣል፤ ግሸን በገደል አፋፍ ያስኬዳል፤ በዝዋይ ሐይቅ ደሴት ላይ ያለው ደብረ ጽዮን ደግሞ ውሃ ያሻግራል። ለኅዳር 21 የጽዮን በዓል ከአርሲ ደጋ የሚወርድ ተሳላሚ ጋቢውን ተከናንቦ ይነሣል። ስምጥ ሸለቆ ሲገባ ጋቢው ሸክም ይሆንበታል፤ ሐይቁ ዳር ሲደርስ ደግሞ ኩራቱም እንዲሁ። በደጋው በቅሎ የሚያሰግር ባለጠጋ ቢሆን፣ ዋና እስካልቻለ ድረስ ነፍሱ በቀዛፊው እጅ ናት። ታንኳ ላይ «ማን መሰልኩህ?» አይባልም። ሚዛኑ እንዳይዛነፍ ሁሉም በታዘዘበት ይቀመጣል።

ይህ ውሃ ድሮ አጥር ነበር። ትውፊቱ እንደሚለው ዮዲት ጉዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው እስከዚህ ደሴት ተሰደዱ። የዛይ ሕዝብም በደሴቶቹ ላይ ዓሣ እያሰገረ፣ ተዳፋቱን በድንጋይ እርከን እያረሰ፣ የራሱን ቋንቋ ይዞ ኖሯል። ዛሬ የሚያሳድድ የለም፤ አጥሩ ግን መንገድ ሆኖ ቀርቷል።

የአጥሩን ውሃ ማን ያመጣዋል? አንዱ መቂ ነው፤ ከጉራጌ ተራሮች ይወርዳል። ሌላው የእኛው ከታር ነው፤ የአርሲን ተራሮች ጅረቶች ሰብስቦ ሐይቁን በምሥራቅ በኩል ይቀላቀላል። ጭላሎ ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ከተሳላሚው ቀድሞ ደጁን ይሳለማል ማለት ነው። የሚሻገሩት ምዕመናን ክርስቲያኖች ቢሆኑም፣ ታንኳቸውን ተሸክሞ የሚያደርሰው ውሃ በሙስሊሙም በክርስቲያኑም ገበሬ ማሳ ሥር አልፎ የመጣ ነው።

የላይኛውና የታችኛው ሰው በአንድ ውሃ መተሳሰሩ በእኛ ብቻ አይደለም፤ በደቡብ ህንድ ካቬሪ የሚባል ወንዝ አለ። ከላይ በካርናታካ ስሪራንጋፓትና፣ ከታች በታሚል ናዱ ስሪራንጋም የተባሉ ደሴቶችን አቅፎ ይፈሳል። የሂንዱ አማኞች በሁለቱም ደሴቶች በእባብ ላይ የተጋደመውን አምላክ ቪሽኑን ያመልካሉ። የስሪራንጋሙ መቅደስ በሰባት ቅጥር የተከበበ ነው፤ በዓመት አንዴ «የሰማይ በር» የሚሉት ደጅ ሲከፈት ሕዝቡ ይጎርፋል። በወንዙ ውሃ ግን ሁለቱ ግዛቶች ከመቶ ዓመት በላይ ተካሰዋል፤ በ2010 ዓ.ም. የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሳይቀር ድርሻቸውን ደልድሏል። አምላካቸው በላይኛውም በታችኛውም ደሴት ተኝቷል፤ ሙግቱ ግን እንቅልፍ የለውም።

እኛም ዘንድ ከታር ዳር ፓምፕ ተተክሏል፤ ሽንኩርትና ቲማቲሙ በመስኖ ይለማል፤ ሐይቁ ዳር ያለው የአበባ እርሻም ውሃ ይፈልጋል። ገበሬው ለምን አጠጣ ተብሎ አይወቀስም፤ ወጡን የምንበላው እኛው ነን። ሐይቅ ግን ለሁሉም «እሺ» እያለ መስጠት አይችልም፤ ከላይ የቀረበት ታች ይጎድላል፤ ከላይ የታጠበ አፈርም ታች ደለል ሆኖ ይሞላዋል።

ስለዚህ ወደ ደሴቱ የሚወሰደውን ስለት ወደ ላይ፣ ወደ ወንዙ መነሻ ማምጣት ይቻላል። ተዳፋቱን እንደ ዛይ አባቶች በእርከን የያዘ፣ የጅረቱን ዳር ሳይነካ ለሣሩና ለዛፉ የተወ፣ ከቦዩ ተርፎ የሚፈስ ውሃ የለቀቀ እንጂ ያልዘጋ ሰው፣ አሰላ ሆኖም ደጅ ጠንቷል። ኅዳር ጽዮን ላይ አንድ አባት «ለእመቤታችን ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» ቢሉን፣ ከጧፉና ከዕጣኑ በፊት የምናስቆጥረው ይኼንኑ መሆን ነበረበት።