እናቴ «ርኩስ» ያለቻቸው ትሪቶኖች

ቤቴ የመጣ ሰው ሁሉ ሳሎን ያለውን የመስተዋት ገንዳ አይቶ «ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» ይለኛል። ዛሬ ስለሱ ልጻፍላችሁ።

በዕብራይስጥ ትሪቶን ይባላል። በአማርኛ ስም አላገኘሁለትም፤ አገራችን ውስጥ ይህ ዘር ጨርሶ ስለሌለ አይገርምም። እናቴ ገና እንዳየችው «እንሽላሊት ውሃ ውስጥ ምን ያደርጋል?» አለች። መልኩ ይመስላል እንጂ እንሽላሊት አይደለም። እንሽላሊት ቆዳው ደረቅ ነው፣ ቅርፊትና ጥፍር አለው። ትሪቶን ሁለቱም የለውም፤ ቆዳው እርጥብ ነው፤ ልጅ ሳለም እንደ ዓሣ በስንጥብ ይተነፍሳል። የእንቁራሪት ዘመድ ነው።

የእኔዎቹ የጃፓን ትሪቶኖች ናቸው። ጀርባቸው ጠቆር ያለና ሻካራ፣ ሆዳቸው ቀይ ሆኖ ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት፣ ርዝመታቸው ከ9 እስከ 13 ሳንቲ ሜትር ነው። የቻይናው ይመስላቸዋል፤ እሱ ግን ያንሳል፣ ቆዳውም ይለሰልሳል። ቀዩ ሆድ «መርዝ አለብኝ፣ አትንኩኝ» ማለት ነው። በጎንደር አያቶቻችንን ጎረቤት «አትንኩኝ» ይላቸው የለ? ሳቄ መጣ። መርዙ ግን እውነት ስለሆነ ከነካችኋቸው በሳሙና ታጠቡ።

እናቴ አልሳቀችም። ኦሪት ከውሃ ውስጥ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን ርኩስ ይለዋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ቤቴ መጥታ ውሃ እንኳ አልቀመሰችም። እ.ኤ.አ. በ1991 እኔን አዝላ አዲስ አበባ ወረፋ ስትጠብቅ ሕጓን ያልጣለች ሴት ናት፤ እኔ «የድሮ ነገር ነው» ብዬ ልከራከራት አልደፈርኩም። አብረን ቄስ ዘንድ ሄድን። ቄሱ ሰምተው «ልትበሉት ነው እንዴ?» አሉ። አይደለም ስላቸው «አህያም አይበላም፤ አባቶቻችን ግን ያሳድሩት ነበር። ዕቃውን ከምግብ ቤት ለዩ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ የያዛችሁትን ነፍስም አታስርቡ» አሉን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትሪቶኖቹ የራሳቸው ባልዲና መረብ አላቸው፤ ወጥ ቤት አይገቡም።

ማሳደግ ለምትፈልጉ፦ ለሁለት ወይም ለሦስት 60 ሊትር ገንዳ ይበቃል። መስተዋት ስለሚወጡ በደንብ ክደኑት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ መወገድ አለበት። ማጣሪያው ቀስ ብሎ የሚያፈስ ይሁን፤ እነሱን ከማስገባታችሁ በፊትም ጥቂት ሳምንታት ይሥራ። ምግባቸው የመሬት ትልና የቀዘቀዘ ቀይ ትል ነው።

ትልቁ ጣጣ ሙቀት ነው። ትሪቶን ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይወዳል፤ ከ24 ሲያልፍ ይጨነቃል። እኔ ከሠራዊት ወጥቼ በሙያ ትምህርት ቤት ማቀዝቀዣ ነው የተማርኩት፣ ስለዚህ ይኼን ልመክራችሁ እችላለሁ። ቬንቲሌተር ውሃው ላይ ስታዞሩ ውሃው እየተነነ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ቤርሼባ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ይሠራል፤ እኛ ነታንያ ግን የባሕሩ እርጥበት አያስተንነውም። ስለዚህ በጋውን ገንዳው ያለበት ክፍል ማዝጋን አይጠፋም። የመብራት ሒሳቡን አትጠይቁኝ!

ለመራባት ደግሞ ብርድ ይሻሉ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት በረንዳ ላይ፣ ውሃው 10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ያርፋሉ። ሙቀቱ ቀስ ብሎ ሲመለስ የወንዱ ጭራ ሰማያዊ ይላል፤ በሴቷ ፊት እያወዛወዘ ይለምናታል። ዘሩን መሬት ላይ ያስቀምጣል፣ እሷ ታነሳዋለች። ከዚያ እንቁላሏን አንድ በአንድ እየጣለች፣ በኋላ እግሮቿ ቅጠል አጥፋ ትጠቀልለዋለች። እናቴ ይኼን ቁጭ ብላ አየች። «ልጄ፣ ይቺስ ልጆቿን ታለብሳለች» አለችኝ። አሁን ቡናዋን እዚያው ሳሎን ትጠጣለች፤ ገንዳውን ግን እስከ ዛሬ አልነካችም።

ትልልቆቹ እንቁላል ስለሚበሉ ቅጠሉን ወደ ሌላ ዕቃ አውጡት። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆን ይፈለፈላሉ። ጫጩቶቹ የሚንቀሳቀስ እንጂ ሌላ አይበሉም፤ የውሃ ቁንጫ ስጧቸው። መጀመሪያ የፊት እግር፣ ቀጥሎ የኋላ ያወጣሉ። ከወራት በኋላ ስንጥባቸው ጠፍቶ ወደ የብስ ይወጣሉ። ያኔ ውሃ ውስጥ አትመልሷቸው፤ ሊሰምጡ ይችላሉ። እርጥበት ያለው ሣጥን አዘጋጁላቸው።

አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። በሻሮንና በሰሜን የዝናብ ኩሬዎች የአገሩ ትሪቶን አለ፤ ወንዱ በመራቢያው ጊዜ ጀርባው ላይ ከፍ ያለ ክንፍ፣ ጎኑ ላይ ነጭ መስመር ያወጣል። ልጄ ከትምህርት ቤት ሽርሽር መጥታ «አባዬ፣ ከዚያ እንያዝ» አለችኝ። አይሆንም አልኳት። በ1955 የወጣው የዱር አራዊት ጥበቃ ሕግ ይከለክላል፤ ኩሬዎቹም እየደረቁና እየተገነባባቸው አብዛኞቹ ጠፍተዋል። የገንዳችሁን ውሃ ወይም የሰለቻችሁን ትሪቶንም እዚያ አትጣሉ። በ2013 የታወቀ ከእስያ የመጣ የቆዳ ፈንገስ በሆላንድ የዱር ሳላማንድራዎችን ፈጅቷል። ከመግዛታችሁ በፊት ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ የተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣንን ጠይቁ፣ በገንዳ የተወለደ ብቻ ውሰዱ። ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላልና አስቡበት፤ ልጃችሁ ለሠራዊት ስትሄድም የምታበሉት እናንተ ናችሁ።

ሻባት ሻሎም፣ ቸር ያሰማን።