የገጠመ ሁሉ የራሱ አይደለም

በትምህርት ቤት መጽሔት ስለ ጠባይ፣ ስለ ትጋትና ስለ እርሻ መጻፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን ስለ አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል የዘይት ፓምፕ ልጽፍ ተነሥቻለሁ። ወሬው የመካኒክ እንጂ የተማሪ አይመስልም፤ ሆኖም እስከ መጨረሻው ለታገሠኝ ሰው ከብረቱ ውስጥ አንድ ቁም ነገር ይወጣል ብዬ አምናለሁ።

ይፋግ የሚኖሩት አጎቴ ጡረታ የወጡ መምህር ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራች አንዲት ቮልስዋገን አለቻቸው። መኪናይቱ ለእሳቸው ጌጥ አይደለችም። የጎረቤት ሰው ሲታመም ወደ ወረታ የምታደርስ እርስዋ ናት፤ ስለዚህ የእርስዋ መታመም የሰፈሩ ሁሉ ጭንቀት ነው።

አንድ ሰሞን ሞተሯ ሲሞቅና ዝግ ሲል የዘይቱ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ለማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን የዚህች መኪና ሞተር ውሃ የለውም፤ የሚቀዘቅዘው በነፋስና በዘይት ነው። ዘይቱም ሁለት ሊትር ተኩል ብቻ ሲሆን፣ ብረት ከብረት እንዳይፋጅ የሚጠብቀው፣ ሙቀቱንም ተሸክሞ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያደርሰው እርሱው ነው። የዘይት ጉድለት እንደ ወንዝ ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

አጎቴም በሰው እጅ ከአዲስ አበባ አዲስ ፓምፕ አስመጡ። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» ብሎ ምሏል፤ ካርቶኑ የፋብሪካ ምልክት አለበት፤ ብረቱም ያብረቀርቃል። ወረታ ወደሚገኝ ጋራዥ በወሰድነው ጊዜ ግን ሽማግሌው መካኒክ ዕቃውን አላደነቁም፤ አልነቀፉምም። «መምህር፣ የእንግዳውን ዘር ከመጠየቃችን በፊት የቤቱን ዘር እንጠይቅ» አሉ።

በመጀመሪያ ከዲናሞው መቀመጫ በታች በሞተሩ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጨርቅ ጠርገው አነበቡ። ቁጥሩ ኤች በሚባለው የላቲን ፊደል ይጀምራል፤ ይኸውም ባለ 1500 ሞተር መሆኑን የሚያመለክት ነው። «የመኪናይቱ የልደት ዘመን ብቻውን አይበቃም፤ በዚህ ሁሉ ዓመት ውስጥ ስንቱ ሞተር ተለዋውጧል!» አሉኝ።

ቀጥሎም አሮጌውን ፓምፕ አወጡና በቀዳዳው ውስጥ ባትሪ አብርተው «ልጄ፣ ቁጠር» አሉኝ። ፓምፑን የሚያዞረው የካምሻፍቱ ጥርስ ጠፍጣፋ ሆኖ በ3 ሪቬቶች የተያያዘ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጀመሪያ ወዲህ በተሠሩት ሞተሮች ግን ይህ ጥርስ እንደ ሳህን ወደ ውስጥ የጎደጎደ ሲሆን ሪቬቶቹም 4 ናቸው። ጉድጓዱ ረዘም ላለ ፓምፕ ቦታ ይሰጣል። ከአዲስ አበባ የመጣውም ፓምፕ ይህ ረጅሙ ነበር። የብሎን ቀዳዳዎቹ 8 ሚሊሜትር፣ የእኛ ሞተር ብሎኖች ግን 6 ሚሊሜትር ስለ ሆኑ ያለ አንዳች ችግር ይገባል። ነገር ግን ዳዶው ሲጠብቅ ፓምፑ ከሪቬቶቹ ጋር መፋተጉ አይቀርም። ወገሉ የሰፋ ማረሻ ለዓይን የገጠመ መስሎ ፈር ላይ እንደሚከዳ፣ ይህም እንዲሁ ነው።

መካኒኩ ያስረዱኝን ሌላውንም በደብተሬ ጽፌአለሁ። በፋብሪካው ዕቃ ላይ የሚገኘው ቁጥር በሦስት በሦስት የተከፈለ ነው። የፊተኛው የመኪናውን ዓይነት፣ የመካከለኛው ክፍሉን፣ የመጨረሻው ዕቃውን ይነግራል። 115 የፓምፕና የማጥለያ፣ 117 የዘይት ማቀዝቀዣ ክፍል ነው። ከኋላ የሚጨመር ፊደል ካለ ዕቃው ተሻሽሏል ማለት ነው። የማቀዝቀዣው ጎሚኒም በቀድሞው ሞተር ለ8፣ በኋለኛው ለ10 ሚሊሜትር ቀዳዳ የተሠራ ነው። በሆዷ ሥር ያለው የሽቦ ማጥለያም ከላይና ከታች ሁለት ጓርኒሲዮን፣ ለ6ቱም ዳዶዎች የመዳብ ሮንዴላ ይፈልጋል።

ታዲያ በሽታው ምን ነበር? የአሮጌው ፓምፕ ክዳን በጥርሶቹ ተቦርቡሮ ነበር። በጥርሶቹና በክዳኑ መካከል ያለው ክፍተት ከ0.1 ሚሊሜትር መብለጥ አይገባውም፤ ከበለጠ ግፊቱ በዚያ ያመልጣል። ሽማግሌው ብርጭቆ ወረቀት በመስተዋት ላይ ዘርግተው ክዳኑን እስኪስተካከል ፈተጉት፤ ስስ ጓርኒሲዮን አድርገውም መለሱት። ሞተሩ ሞቆ ዝግ ባለ ጊዜ መብራቱ አልበራም። አጎቴም «ልጥለው የነበረው ነው ለካ የእኔ!» ብለው ሣቁ።

ይህ ዕውቀት ለድኻ መኪና ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1948 የተጀመረው ዝነኛው የስፖርት አውቶሞቢል ፖርሽ 356 መጀመሪያ የተሠራው በቮልስዋገን ዕቃዎች ነው። ቮልስዋገኗም እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ሥራዋ እስኪያበቃ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ዕቃዎቿ ብዙ ጊዜ ስለ ተለወጡ፣ የአንዱ ዘመን ዕቃ በሌላው ዘመን ሞተር ላይ እንግዳ ነው። ስለዚህ ኦሪጅናል ማለት ከፋብሪካው የወጣ ማለት ብቻ ሳይሆን፣ ለዚህ ሞተር የተሠራ ማለትም ነው።

ጓደኞቼ ተማሪዎች ሆይ! በፎገራ ሜዳ ሽንኩርትና ቲማቲም የምናጠጣባቸው የውሃ ሞተሮችም ዘይት ይጠጣሉ፤ ለእነርሱም በየጊዜው መለዋወጫ ይገዛል። እንግዲህ ወላጆቻችን ወደ ሱቅ ሲልኩን የሚያብረቀርቀውን ከማንሣታችን በፊት የአሮጌውን ቁጥር እናንብብ፤ ቀዳዳውን እንለካ፤ ሪቬቱን እንቁጠር። የሻጩን መሐላ ከመስማት አሮጌውን ዕቃ በእጅ ይዞ መሄድ ይሻላል። መቁጠርና መለካት ደግሞ ገና ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የተማርነው ነው።