ለምርመራው መዘጋጀት

ነፍሰ ጡር እኅት ያላችሁ ተማሪዎች ሆይ፣ ለአልትራሳውንድ ምርመራ ስትዘጋጅ ዳር ቆማችሁ አትመልከቱ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ነፍሰ ጡር 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ እንድትታይ መክሯል።

እኔ እኅቴን ሳዘጋጅ የመጨረሻ የወር አበባዋን ቀን ጻፍሁላት፤ የክትትል ካርዷንም በቦርሳዋ ከተትሁ። እርግዝናው ገና ለጋ ስለ ነበር፣ እንደ ታዘዘችው ውሃ ጠጥታ ሽንቷን ይዛ ጠበቀች፤ የሞላ ፊኛ ማሕፀንን ወደ ላይ ገፍቶ ምስሉን ያጠራዋልና። መሣሪያው የሚሠራው በድምፅ ሞገድ እንጂ በራጅ ጨረር አለመሆኑን ስነግራት ፍርሃቷ በከፊል ቀለለ። የፊተኛው ጽንስ ግን ወርዶባት ነበርና፣ «ልቡ ባይመታስ?» አለችኝ። ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ አብሬያት ሄድሁ።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከዝግጅቱ ሁሉ ዋነኛው አብሮ የሚሄድ ሰው ነው።